ቦርሳዬን በ1,100 እሸጣለሁ፣ ሱቁ 2,800 ይለዋል፤ ስንት ልበል?

ማራኪዋ ሰፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። የትከሻ ቦርሳ እሰፋለሁ፤ ታቹና ማንጠልጠያው ቆዳ፣ ሆዱ የሸማኔ ጥለት። ጥለቱን አዲስ ዓለም ያሉ አንድ አባት ይሠሩልኛል። ቆዳውን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ስፌት ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ መኪናውም የእሷ ነው፣ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር። መብራት ሲጠፋ ቤታችን ውስጥ ሥራ የማያቆመው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት በፋሲል ግቢ በኩል ሳልፍ የራሴን ቦርሳ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አየሁት። የአንቺ መሆኑን በምን አወቅሽ ካላችሁኝ፣ ማንጠልጠያው ሥር ሁልጊዜ አንዲት አረንጓዴ ክር እተዋለሁ። እንደ ገዢ ገባሁና ጠየቅሁ። ሻጯ አዲስ ናት፣ አታውቀኝም። «2,800 ነው፤ ለአንቺ ትንሽ እንቀንሳለን» አለችኝ። ባለሱቁ ከእኔ የገዛው በ1,100 ነው! እግሬ ቤት ድረስ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም።

ወጪዬን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጥለት 260 ብር። ቆዳ፣ ሦስት ካሬ ጫማ ገደማ፣ 390። ገበር 70። ዚፕና ቀለበት 95። ክርና ሙጫ 25። ድምሩ 840 ነው። የሚተርፈኝ 260 ብር። ልጄን እያጠባሁ፣ ወጥ እያማሰልኩ፣ አንዱ ቦርሳ ቀን ተኩል ይፈጅብኛል።

1,100ን ያወጣሁት በ2015 ነው። ያኔ ዕቃው በሙሉ 520 ብር ቢፈጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 ሲያልፍ፣ ዚፑም ቀለበቱም ቆዳውም ተከተለው። የእኔ ዋጋ ብቻ ባለበት ቁጭ አለ። ለባለሱቁ «ጨምር» ማለት አፈርኩ፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ለከተራ፣ ጥር 10፣ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ስድስት ቦርሳ ይዤ ወጣሁ። 1,300 እያልኩ በግማሽ ቀን አለቁ። ደስ ብሎኝ አደርኩ። ባለሱቁ ሰምቶ ኖሮ «ደንበኛዬን እየነጠቅሽኝ ነው» አለና ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳም። እሱ በ2,800 እየሸጠ እኔ በ1,300 ብሸጥ ምን አጠፋሁ?

እና ስንት ልበል? ለሱቅና ለመንገድ ዋጋው አንድ ነው ወይስ ሁለት? ዘመድስ? «አስተዋውቅልሻለሁ» እያሉ በነፃ የወሰዱብኝ ሰባት ደርሷል። እስካሁን አንድም ሰው በእነሱ በኩል አልመጣም።

የፒያሳ ልጅ፦

ምን ያስጨንቅሻል? ለፈረንጅ 4,000፣ ለሀበሻ 1,500 በይ። አለቀ።

ደርዝ፦

የፒያሳ ልጅ፣ እንዲህ ስትመክር ሰው ይሰማሃል እኮ። ፈረንጁ ከአስጎብኚ ጋር ነው የሚመጣው፤ ማታ ሆቴል ገብቶ ጓደኛው ስንት እንደገዛ ይጠይቃል። ዋጋ ሰው እየታየ ሲወጣ ስም ይጠፋል።

እህቴ ማራኪዋ፣ እኔም 11 ዓመት ሰፍቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ልክ እንደ አንቺ በነፃ ነው የሠራሁት። አንድ ነገር ሒሳብሽ ውስጥ የለም። ራስሽ የለሽበትም። ሸማኔው ተከፍሎታል፣ ቆዳ ሻጩ ተከፍሎታል፣ ዚፕ ሻጩም። አንቺ ግን «የሚተርፈኝ» ውስጥ ነሽ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አንቺ ለራስሽ ፍርፋሪውን ነው ያነሳሽው።

መጀመሪያ ሰዓትሽን ለኪ። ቀን ተኩል የሚባል መለኪያ የለም። ወረቀት መኪናው አጠገብ አስቀምጪ፤ ስትጀምሪ ጻፊ፣ ልጁ ሲያለቅስ ጻፊ፣ ስትመለሺ ጻፊ። ቆዳ በእጅ የሚሰፋበት ቦርሳ ዘጠኝ ሰዓት ቢወስድ አይገርመኝም። እንዲያ ከሆነ 260 ብርሽ ለዘጠኝ ሲካፈል በሰዓት 29 ብር አይሞላም።

ዕቃው 840 ነው ብለሻል፤ አይደለም። የቆዳው ቁርጥራጭስ? ከከብቱ ሆድ አካባቢ የመጣው የሚለጠጠው፣ ጠባሳ ያለበት፣ የምትጥዪው እሱም ተገዝቷል። 60 ብር ጨምሪበት። መርፌ፣ የመኪና ዘይት፣ ባጃጅ፣ የተበላሸ ቦርሳ፤ ለእነዚህ 50። እዚህ ላይ 950 ደረስን። ዘጠኝ ሰዓት በ60 ብር 540 ነው። 60 ከየት መጣ ካልሽ፣ በስምንት ሰዓት 480 ይሆናል፤ ሰፈርሽ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ጠይቂና አስተካክዪው። ድምሩ 1,490። ይሄ ቦርሳው አንቺን የሚያስወጣሽ ነው፤ ገና አላተረፍሽም። ከላዩ 20 በመቶ አድርጊበት፣ ለሚቀጥለው ቆዳ መግዣ። 1,788 ይመጣል፤ 1,800 በዪው። የሱቅ ዋጋሽ እሱ ነው።

በራስሽ እጅ ስትሸጪ ግን ያን ቀን ባለሱቋ አንቺ ነሽ። ፀሐይ ላይ ቆመሻል፣ ልጅ ለሰው ትተሻል፣ ከመቶ ሰው ጋር ተከራክረሻል። 2,500 ወይም 2,700 በይ። ከባለሱቁ ጋር የተጣላችሁበትም ነገር እዚሁ ላይ ነው። ልናገር፣ አትቆጪ፤ ጥፋቱ የአንቺ ነው። ጠዋት በ2,800 የገዛ ሰው ከሰዓት ያንኑ ቦርሳ መንገድ ላይ በ1,300 ካየ፣ ሱቁን ሌባ ነው የሚለው።

ዘጠኙን ሰዓት ደግሞ መቀነስ ይቻላል። አንድ ቦርሳ ጀምረሽ አትጨርሺ። ቅርጹን በጠንካራ ካርቶን አውጪና አንድ ቀን አሥሩንም ቁረጪ ብቻ። በሌላው ቀን ገበር ብቻ። ከዚያ ወስፌውን ይዘሽ ማንጠልጠያ ብቻ ስትበሺ ዋዪ። እጅ አንድ ነገር ሲደጋግም ይፈጥናል። እኔ በዚህ ብቻ ከአንድ ቦርሳ ላይ ሁለት ሰዓት ቀንሻለሁ።

ዘመድ 1,490 ይክፈል። አታትርፊበት፣ አትክሰሪም።

ባለሱቁ ነኝ፦

ያ ሱቅ የእኔ አይደለም፤ ከወዲሁ ልማል። ግን እኔም የዕደ ጥበብ ዕቃ እሸጣለሁና ትንሽ ልከራከር።

2,800 ተጽፎ ስታዪ 2,800 ኪስ የሚገባ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ሰው ይከራከራል፤ 2,200 ላይ ይወጣል። እንግዳ ይዞ የመጣው አስጎብኚ ድርሻውን ይጠብቃል። ኪራይ ነሐሴ ላይም ይከፈላል፤ ነሐሴ ላይ ግን ዝንብ እሽ ስል ነው የምውለው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ እንግዳው ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። አንቺ 1,100ሽን በእጅሽ ተቀብለሽ ሄደሻል፤ ቦርሳው ግን እኔ ጋ ስምንት ወር ሊሰቀል ይችላል።

1,800 ብለሽ ብትመጪብኝ በጥሬው አልገዛሽም፤ በአደራ ግን እቀበልሻለሁ። ሲሸጥ እከፍልሻለሁ። ወረቀት ላይ እንጽፋለን፦ ስንት ቦርሳ፣ በስንት፣ በየስንት ጊዜ ሒሳብ እንደምንተሳሰብ፣ ቢሰረቅ ወይ ዝናብ ቢነካው ማን እንደሚከፍል። ያለ ወረቀት አደራ አትስጪ፤ ለእኔም ቢሆን።

ሁለት ነገር ደግሞ ከሥራው በኩል። አንደኛ፣ «እንደዚህ ያለ ሁለት አምጣልኝ» የሚል ገዢ አለ፤ ለእህቱና ለእናቱ። የእናንተ የሰፊዎቹ ቦርሳ አንዱ ከአንዱ በሁለት ጣት ይበላለጣል። ካርቶኑ ለዚህም ይጠቅምሻል። ሁለተኛ፣ ቀይ ጥለት። ለበዓል የሸጥኩላት አንዲት ሴት ቦርሳውን ይዛ ተመለሰች፤ ቀዩ ቀለም ቀሚሷ ላይ ለቋል። ጥምቀት ላይ ደግሞ ሁሉም ነጭ ለባሽ ነው! ብሯን መለስኩላት። ከመስፋትሽ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱን እሺበት።

ሻንጣ ሞላ፦

እኔ በቴሌግራም ነው የምሸጠው፤ ቦርሳና የአንገት ልብስ። ከገዢዎቼ የሚበዙት ውጭ አገር ያሉና ለበዓል የሚመጡ ናቸው።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» አትበይ። ሰው ዋጋ ሲደበቅበት ይሸሻል፤ ፎቶው ሥር ጻፊው። ፎቶውን ሰው ተሸክሞት አንሺ፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። የውስጡንም አንሺ። ገበሩን ሳያዩ የሚገዙ ጥቂት ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ይታጠፍ! ከውጭ የመጣ ሰው ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሁለት ሻንጣ 23፣ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ የእናቱ ቅቤ አስቀድመው ቦታ ይዘዋል። ታቹ ድርቅ ያለ ቦርሳ «በጣም ያምራል» ተብሎ ይቀራል። እኔ ታቹን በስስ የፍየል ቆዳ ቀይሬ እንደ ጋዜጣ የሚታጠፍ ካደረግሁት ወዲህ አንድ ሰው ሦስት አራት ነው የሚወስደው።

እና ቀብድ። ትዕዛዝ ከሆነ ግማሹን በቴሌብር ሳትቀበዪ መቀስ አታንሺ። ስም እንዲጠለፍበት አዝዞ የጠፋ አለ፤ የማላውቀው ሰው ስም ያለበት ቦርሳ እስካሁን ቤቴ ተሰቅሏል። የስሙ ባለቤት ካለ በዋጋው እሰጠዋለሁ።

ማራኪዋ ሰፊ፦

እናንተዬ፣ አመሰግናለሁ። አሥር ቀን ቆይቼ ነው የተመለስኩት፤ ልሞክረው ብዬ።

ሰዓቱን ለካሁ። 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ደርዝ፣ እንዴት እንዳወቅሽው ይገርማል። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህሉ ማንጠልጠያው ላይ ነው የሚያልቀው፤ እኔ ደግሞ ጥለቱ ነበር የሚመስለኝ።

ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ስለ ጥምቀቱ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እንዲያ ያልጠበቀ መሰለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። 1,800 ስለው ሳቀ። ወረቀቱን አውጥቼ 840ውን፣ 60ውን፣ 540ውን አንድ በአንድ አሳየሁት። ሳቁን አቆመ ግን አልተስማማም። ተከራክረን አምስቱን በጥሬ ብር በ1,600፣ ሦስቱን በ1,800 በአደራ ተቀበለኝ። በወረቀት ነው፤ ሁለታችንም ፈርመናል። በፊት በአንዴ አሥር ይወስድ ነበር፣ አሁን ስምንት። እጄ ላይ የቀሩትን ሁለቱን በ2,500 ቴሌግራም ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። አንዱ ሄዷል፤ ቀብዱም ሙሉውም ገብቷል።

ቀዩን ጥለት በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት። ለቀቀ! ለሸማኔው አባት ጨርቁን ወስጄ ባሳያቸው ብዙ አዘኑ። ቀዩን ክር በርካሽ ያገኙት ዘንድሮ ነው አሉ፤ ወደ ድሮው ክር ይመለሳሉ፣ እኔ ደግሞ 20 ብር እጨምራለሁ። እንግዲህ ጥለቱ 280 ሆነ ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ትናንት አክስቴ ለጓደኛዋ አንድ ቦርሳ ፈለገች። እንደምንም ደፍሬ «ለዘመድ 1,490 ነው» አልኳት። ዝም አለች። ቡናዋን ፉት አደረገች። ከዚያ መኪናውን በዓይኗ እያሳየችኝ «እሺ፣ የእሱን ኪራይ በወር ስንት አልን?» አለችኝ።

ደርዝ፣ ይሄ የትኛው መስመር ላይ ይጻፋል?