ከግዳጅ የተመለሰ ሰው ሌሊት ሲባንን ምን ይደረግ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ከግንባር ከመጣ ወር አልሞላውም። ሌሊት ይቃዣል፣ ይባንናል። ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የድንጋይ ካባ ድማሚት ሲያፈነዳማ መሬት ላይ ይተኛል። የሚያስተኛ ኪኒን ብገዛለት ችግር አለው?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
አትግዢ እህቴ። እንደ ዲያዜፓም ያለ የሚያስተኛ ኪኒን ሱስ ያስይዛል፣ አረቄ ከተጨመረበት ደግሞ ትንፋሽ ያፍናል። በመጀመሪያው ወር የሚታይ መባነን ብዙ ጊዜ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። ከወር ካለፈና እንቅልፉን፣ ሥራውን፣ ቤቱን ካናጋ ግን ፒቲኤስዲ (ከከባድ አደጋ ወይም ከጦርነት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሕመም) ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ገና ሠራዊቱ ውስጥ ከሆነ በክፍሉ ጤና ባለሙያ በኩል፣ ከተሰናበተ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሂዱ። እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ቢታዘዝለት ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ።

ገላን ኮንዶሚኒየም፦
ሲቃዥ አትነቅንቂው፤ ማንነትሽን ሳይለይ እጅ ሊሰነዝር ይችላል። መብራት አብሪ፣ ከግርጌ ራቅ ብለሽ ቆመሽ በስሙ ጥሪው፦ «ቤትህ ነህ፣ ቱሉ ዲምቱ ነን።» ሲነቃ 4 እየቆጠረ በአፍንጫው ያስገባ፣ 6 እየቆጠረ በአፉ ያስወጣ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። የልብ ምቱን የሚያበርደው ረጅሙ አወጣጥ ነው። ዝም ብሎ «በደንብ ተንፍስ» ከተባለ ቶሎ ቶሎ እየሳበ ጣቶቹን ይደነዝዘዋል፣ ጭራሽ ይብስበታል። የካባውን ሰዓት ጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የተጠበቀ ድምፅ እንደ ድንገተኛው አያስበረግግም። ቤት አትዝጉበት፤ የሸሹት ነገር እየገዘፈ ነው የሚሄደው።

ሻምበል ጡረተኛ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቤት ውስጥ ክላሽ ካለ ካዝናው ይውለቅ፣ ጥይቱ ሌላ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። «መሞት ይሻለኛል» ካለ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ልጆቹንም «አባባ በእናንተ አልተቆጣም፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው» በያቸው። ካልተነገራቸው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫትስ? ያረጋጋኛል ይላል።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
ከሰዓት በኋላ ከቃመ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እርሺው። ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው ጨብሲም ቶሎ ያስተኛውና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያነቃዋል፣ ቅዠቱም ያን ሰዓት ይበረታል። መጀመሪያ መጠጡን ያቁም። ዕለት ዕለት በብዛት ይጠጣ ከነበረ ግን ባንዴ አያቁም፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ሊያመጣበት ስለሚችል ሐኪም እያየው ይቀንስ።