«ልቡ የሸፈተው በሚስቱ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለጥያቄዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ስለ ሼክስፒር ቴአትር ስለ ማክቤዝ ስናወራ ጓደኛዬ «ማክቤዝ ልቡ የሸፈተው በሚስቱ ነው» አለ። እኔ ቶሎ የመጣልኝ ሌላ ሴት ወዶ ሚስቱን እንደከዳት ነው፣ ቴአትሩ ውስጥ ግን እንደዛ ሚባል ነገር የለም። ልብ ሸፈተ ለውሽማ ብቻ ነው ወይስ ለሥልጣንም ይባላል? ደሞ ያቺ «በ» ምን ልትል ነው?

የዋሸራው፦ እህቴ መጀመሪያ ሥሩን ያዢ። ሸፈተ ከግእዙ ሰፈጠ ነው የመጣው፣ ሰፈጠ ማለት አባበለ፣ አታለለ ነው። ሰኰና ሸኮና እንደሆነው ሰ ወደ ሸ ሄደች። ስለዚህ ልቡ ሸፈተ ማለት ልቡ ተታለለ ነው፣ አለቀ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰኰናውን ተቀብያለሁ፣ ጠ ግን እንዴት ተ ሆነች? ቆረጠ መቼ ቆረተ ተብሎ ያውቃል? ከዛ በላይ ደሞ ሰፈጠ ሌላ ሰው ላይ የሚሠራ ግሥ ነው፣ ሸፈተ ግን ሰውየው ራሱ ነው የሚሸፍተው። ሔዋን «እባብ አሳተኝና በላሁ» አለች እንጂ ሸፈትኩ አላለችም፣ አሳተኝ ያለ ሰው ጥፋቱን ወደ ሌላ እየገፋ ነው።

የዋሸራው፦ እኔ ቅኔ የቆጠርኩት በጓሮ በር ገብቼ አይደለም ወንድሜ። ንጉሥ አክዓብ ለናቡቴ ወይን ቦታ ብሎ እህል አልበላም ብሎ ተኛ፣ በስሙ ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ ያተመችው ግን ሚስቱ ኤልዛቤል ናት። የማክቤዝም ሚስት እሷው ናት፣ ባል ይታለላል ሚስት ታታልላለች።

ቋረኛ፦ ሽፍታን ከማታለል ጋር ለምን ታገናኙታላችሁ ግን? ሽፍታ እኮ ለጌታው አልገዛም ብሎ ዱር የገባ ነው፣ ካሳ ኃይሉም ሸፍቶ ነው በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው። እንዲገራ ተብሎ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፣ እሷ ግን ከአባቷ ይልቅ ለባሏ አደረች። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያም የሥልጣን ነው፣ ወደ ፍቅር የገባው በኋላ ነው ባይ ነኝ።

የማታ ተመልካች፦ ብሬኪንግ ባድ የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ያየ ይፍረደኝ። ዋልተር ኋይት ዕፅ እያበሰለ ሚስቱን ስካይለርን ሲዋሻት እሷ የጠረጠረችው ሴት ነው፣ ሁለተኛ ስልክ አለህ ወይ ትለዋለች ይክዳል። በኋላ ለኦፕራሲዮን መድኃኒት ተሰጥቶት እየፈዘዘ ስልክህን ይዘሃል ወይ ስትለው «የትኛውን?» አላት። እዛች ጋ ልቤ ነው የቆመው። ልቡ እውነትም ሸፍቷል፣ ግን ወደ ሴት አይደለም። ለቤተሰቤ ነው ለቤተሰቤ ነው ሲል ከርሞ መጨረሻው ክፍል ላይ ነው ለራሴ ነው ያደረግኩት ብሎ የነገራት። ማን ሰፈጠው በሉኝ እስቲ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ይሄ ነው! ማክቤዝም ጋ እኮ መጀመሪያ ገቢር ላይ ንጉሡን ስለመግደል በዚህ ነገር አንቀጥል ይላታል፣ ወንድነቱን ነክታ የምትመልሰው እሷ ናት፣ እዛ ላይ «በሚስቱ» ማለት በሚስቱ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ ግን ጓደኛውን ባንኮን ለማስገደል ሰው ልኮ ለሷ አይነግራትም፣ ምን አስበሃል ስትለው አንቺ አትወቂው ብሎ ያልፋታል። «የታላቅነት ባልንጀራዬ» ብሎ ደብዳቤ የጻፈላትን ሴት! እዛ ላይ የሸፈተው በሚስቱ ላይ ነው። እኔ ይሄ ከንጉሡ ከዱንካን መገደል በላይ ያመኛል፣ ከዛ በኋላ እኮ ሁለቱ አብረው ምንም አልመከሩም፣ እሷም ብቻዋን በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን ስታጥብ ነው የምናያት።

የዋሸራው፦ «ጠ» እና «ተ»ን ገና አልጨረስንም።

ባለጥያቄዋ፦ እሺ ጓደኛዬ የትኛውን «በ» ብሎ እንደሆነ ደውዬ ልጠይቀው።

የዋሸራው፦ ሰፈጠን የት እንደሰማም ጠይቂልኝ።