ሃሚልቶኒያኑ ከጠቅላላ ኢነርጂው ጋር አልገጥም አለኝ

ዶቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ክላሲካል ሜካኒክስ ፈተና ደርሶብኛል፤ አንድ ጥያቄ ግን አላፈናፍን ብሎኛል። ቀጥ ብሎ የቆመ ቀለበት አለ። ሞተር በቁም ዲያሜትሩ ዙሪያ በቋሚ ፍጥነት ያሽከረክረዋል። ቀለበቱ ላይ ዶቃ ያለ ፍትጊያ ይንሸራተታል፤ ኮኦርዲኔቴ ዶቃው ከቀለበቱ ታች የራቀበት ማዕዘን ነው። ላግራንዥያኑን (ካይነቲክ ሲቀነስ ፖቴንሻል ኢነርጂ) ጻፍኩ፣ ሞመንተሙን አወጣሁ፣ ሃሚልቶኒያኑን (ሞመንተም ሲባዛ በፍጥነት፣ ሲቀነስ ላግራንዥያን) ሠራሁ። ካይነቲክ ሲደመር ፖቴንሻል አልመጣም! የማዕዘኑ ሳይን ስኩዌር ያለበት ተርም ኔጌቲቭ ሆኖ ወጣ። እስቲ እህታችሁን እርዷት።

የሌሊት ወፍ፦
ኔጌቲቩ ልክ ነው። "ካይነቲክ ሲደመር ፖቴንሻል" የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም። የሚሠራው የዶቃውን ቦታ ከኮኦርዲኔቱ ጋር የሚያገናኘው እኩልታ ውስጥ ጊዜ በቀጥታ ካልገባ፣ ፖቴንሻሉም ከፍጥነት ነፃ ከሆነ ነው። እዚህ ግን ሞተሩ የቀለበቱን ማዕዘን ከጊዜ ጋር አስሮታል። ከኢነርጂው ላይ ሃሚልቶኒያኑን ቀንሺ። የሚተርፍሽ ማስ ሲባዛ በራዲየስ ስኩዌር፣ በዙረቱ ፍጥነት ስኩዌርና በሳይን ስኩዌር ነው። እሱን በጊዜ ዲፈረንሺየት አድርጊው፤ ሞተሩ የሚሰጠው ፓወር ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ውበቱ እዚህ ጋ ነው።

ጋሽ ቴንሰር፦
ሁለት ጥያቄ እንዳትቀላቅሉ ልጆች። ሃሚልቶኒያኑ ኢነርጂ ነው ወይ? አይደለም። ሳይለወጥ ይቆያል ወይ? አዎ፣ ላግራንዥያኑ ውስጥ ጊዜ በግልጽ የለማ! ኢነርጂው ነው የሚለዋወጠው። ፈታኞች የሚወዷት እቺን ናት።
ያን ኔጌቲቭ ተርም ከስበቱ ጋር ደምሪው፤ ኢፌክቲቭ ፖቴንሻል፣ ማለትም የዙረቱን ውጤት ያካተተ ፖቴንሻል፣ ይሆንልሻል። ራዲየሱ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ በደቂቃ እስከ 95 ዙር ገደማ ዶቃው ከታች ይረጋጋል። ከዚያ ካለፈ ወደ ጎን ይወጣል።

ዶቃ፦
ተባረኩ፣ ገባኝ። ሞተሩ ተነቅሎ ቀለበቱ በነፃ ቢዞርስ?

የሌሊት ወፍ፦
ያኔ የዙረቱ ማዕዘንም ኮኦርዲኔት ይሆናል፣ ያውም ሳይክሊክ (ላግራንዥያኑ ውስጥ ፍጥነቱ እንጂ ራሱ የማይገባ)። ሞመንተሙ አይለወጥም፣ ሃሚልቶኒያኑም ከኢነርጂው ጋር አንድ ይሆናል። ግን ቋሚውን ሞመንተም መልሰሽ ላግራንዥያኑ ውስጥ እንዳትተኪ! የሴንትሪፉጋሉ ምልክት ይገለበጥብሻል። ወይ በራውዝ ዘዴ (ሳይክሊኩን ኮኦርዲኔት ብቻ እንደ ሃሚልቶኒያን በሞመንተም በሚጽፈው) ሂጂ፣ ወይ መጀመሪያ የእንቅስቃሴ እኩልታውን አውጥተሽ ከዚያ ተኪ።

አራሚው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ፍጥነቱን ሙሉ በሙሉ በሞመንተም ሳትተኪ "ሃሚልቶኒያን" ብለሽ አትጻፊ። እኔ ወረቀት ሳርም ማርክ የምቀንሰው እዚያ ላይ ነው።