ቴርሞስታቱ የወጣለት ሞተር በብርድ አይሞቅም፣ በሙቀት ይፈላል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምነዳት መኪና ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ናት። ባለፈው የሙቀት ወቅት በተጨናነቀ መንገድ ላይ ቆም ሄድ ስል የሙቀት ጌጁ ጠቋሚ ከመካከል አልፎ ወደ ቀዩ መስመር መጠጋት ስለጀመረ ወደ መካኒክ ወሰድኳት፤ እርሱም ቴርሞስታቱን (ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ «ከእንግዲህ ውሃው እንደ ልቡ ይዘዋወራል» ብሎ ሸኘኝ። ለጥቂት ቀናት የተሻለ መሰለኝ፤ ይሁን እንጂ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ስጠብቅ ጠቋሚው መውጣቱን አልተወም። አሁን ብርድ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ችግር መጣ። ግማሽ ሰዓት ነድቼም ጠቋሚው ከታች አይነሳም፣ ማሞቂያው የሚሰጠው አየር ለብ ከማለት አያልፍም፣ የነዳጅ ፍጆታውም ጨምሯል። ቴርሞስታቱን በብርድ ጊዜ እያስገባሁ በሙቀት ጊዜ እያወጣሁ ልጠቀም ወይስ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መላ አለ?

ቁልፍ 13፦
ማስገባትና ማውጣቱን ይተዉት። በቴርሞስታቱ ውስጥ ሰም የታሸገበት ትንሽ ዕቃ አለ፤ ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጥና ያብጣል፣ ሲያብጥም ቫልቩን ገፍቶ ይከፍተዋል። በአብዛኞቹ መኪኖች መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ሲሆን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ በታች ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በሞተሩ ውስጥ ብቻ እንዲዞር ያደርጋል፤ ሲሞቅ ግን ሙሉ በሙሉ ስለሚከፈት፣ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ በሙቀት ወቅት የሚያግደው ነገር የለም።

የነዳጁ መጨመር የመጣው ከዚሁ ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተር ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ስለሚያስብ ነዳጅ አብዝቶ ይረጫል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሚጠራቀመው እርጥበትም ስለማይተን ዘይቱን ያበላሸዋል። ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የሆነ ሞተር ቀስ ብሎ የሚበላ ሞተር ነው፤ አይፈላምና ሰው አያስተውለውም እንጂ።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። በሙቀቱ ወቅት ጠቋሚው የሚወጣው ቆመው ሳሉ ብቻ ነው ወይስ በፍጥነት ሲጓዙም ጭምር? ቆመው ብቻ ከሆነና ሲንቀሳቀሱ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬዬ በፋኑ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በጉዞ ላይ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ሲሆን ቆመው ሳሉ ግን ከፋኑ በቀር የሚያቀዘቅዘው የለም። በፍጥነት ወይም ዳገት ሲወጡ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ የተደፈነ ራዲያተርን፣ የደከመ የውሃ ፓምፕን ወይም ወደ ውስጥ የሚጨማደድ የውሃ ጎማን እንፈልግ ነበር።

የድሮ ሾፌር፦
እኔ ያለ ቴርሞስታት አሮጌ የጭነት መኪና ለዓመታት ነድቻለሁ፤ አንድም ቀን አልፈላብኝም። ስለዚህ የመካኒኩን ሥራ እንደ ትልቅ ጥፋት ባትቆጥሩት እላለሁ። እርግጥ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እስኪሞቅ ድረስ እየተንተፋተፈ ያስቸግረኝ ነበር።

ቁልፍ 13፦
ጋሼ፣ በእርስዎ ሞተር ላይ የደረሰውን አልክድም። ነገር ግን በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ ውሃውን አቋርጦ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አጭር መንገድ በሌላኛው ጫፉ ይዘጋል። ዕቃው ሲወጣ ይህ አጭር መንገድ ክፍት ይቀራል፤ ስለዚህ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ እየተመለሰ፣ ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር ራሱ ያሞቃል።

ጠያቂ፦
በጠየቃችሁኝ መሠረት ፈተሽኩ። መኪናዋን አቁሜ ሞተሩን ሳሠራው ጠቋሚው ቀስ እያለ ከመካከል አለፈ፣ ፋኑ ግን አልተነሳም፤ የአየር ማቀዝቀዣውን ስከፍት ወዲያው ዞረ።

ወርክሾፕ፦
እንግዲያውስ የፋኑ ሞተር አልሞተም። በብዙ መኪኖች የአየር ማቀዝቀዣው ፋኑን የሚያስነሳው በራሱ ትእዛዝ ነው፤ በውሃው ሙቀት የሚያስነሳው መንገድ ግን ከሙቀት ሴንሰሩ ይጀምራል። ስለዚህ ሴንሰሩንና በላዩ የሚሰካውን ሶኬት ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ዝገት የበላው ሶኬት ስንት ሰው ራዲያተር አስለውጧል! ሲፈትሹ እጅዎንና ልብስዎን ከፋኑ ያርቁ፤ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ይችላል።

የራዲያተሩን ክዳንም አይርሱት። ክዳኑ ግፊት የሚይዝ ነው፤ በብዙ መኪኖች 1 ባር አካባቢ ይይዛል፣ በዚህ ግፊት ንጹህ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ120 ዲግሪ ገደማ ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ስለሚለቅ ውሃው ያለጊዜው ይፈላል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ግፊቱን በአንድ ጊዜ ስለሚለቀው የሚፈላው ውሃ በፊቱ ላይ ይረጫል፤ የላይኛው የውሃ ጎማ በእጅ ሊያዝ እስኪችል ድረስ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ጠያቂ፦
ሶኬቱ እንዳላችሁት ዝጎ ስለተገኘ ከሴንሰሩ ጋር አብሮ ተለወጠ፤ ፋኑም አሁን በራሱ ጊዜ ይነሳል። ባለ 88 ዲግሪ አዲስ ቴርሞስታትም ገብቷል፤ ከመግባቱ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አንጠልጥዬ ሳሞቀው 88 ላይ መከፈት ሲጀምር በዓይኔ አየሁ። ጠቋሚው አሁን መካከል ላይ ቆሟል። ሆኖም ሁለት ነገር ቀርቶኛል፤ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባም ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማኛል። ኩላንቱንስ (ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለውን ፀረ-ብርድ ፈሳሽ) ለብርዱ ስል ያለ ውሃ ንጹሁን ብሞላው ይሻላል?

ወርክሾፕ፦
የሚንቆረቆረው አየር ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ አፍንጫዋን ዳገት ላይ አድርገው ያቁሟት፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ሞቃት ላይ ያድርጉት፣ ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን በዝግታ ያሠሩት፤ አረፋ እየወጣ ውሃው ሲወርድ እየሞሉ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይጠብቁ፣ ውሃው እያበጠ መነሳት ሲጀምር ግን ሳይዘገዩ ይዝጉት። መኪናዋ የአየር ማውጫ ብሎን ካላት በእርሱ መጠቀም ይቀላል። አረፋው ከቀናት በኋላም ካላቋረጠ፣ ወይም ጠዋት ሞተሩ እንደተነሳ የውሃ ጎማው ወዲያው በግፊት ከጠጠረ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መመርመር አለበት።

ኩላንቱን በተመለከተ፣ ንጹሁን መሙላት እንደሚታሰበው አይጠቅምም። ግማሽ ኤቲሊን ግላይኮል (የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ) ግማሽ ውሃ የሆነ ድብልቅ የሚረጋው ከዜሮ በታች በ37 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ንጹሁ ግላይኮል ግን ከዜሮ በታች በ13 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል፤ ሙቀት በመሸከምም ከውሃ ያንሳል። ስለዚህ ብርድም ሆነ ሙቀት ለሚያገኘው ሞተር ግማሽ በግማሽ ይበቃል፤ ውሃው የተጣራ ይሁን፣ የቧንቧ ውሃ በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ደለል ያበጃልና። ሲገዙ ቀለሙን ሳይሆን በመኪናዋ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ይከተሉ።

ጠያቂ፦
አየሩን ዛሬ ጠዋት አወጣሁት፤ ግማሽ ሊትር ያህል ተጨማሪ ወሰደ። ማሞቂያው አሁን መኪናዋ ቆማም ይሞቃል።

ቁልፍ 13፦
ነገና ከነገ ወዲያ ጠዋት፣ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት የመጠባበቂያ ጋኑን መጠን ይመልከቱ፤ ጥቂት ቢቀንስ የቀረው አየር መውጣቱ ስለሆነ ይሙሉት።