ሳሎን ውስጥ አንድ ግድግዳ ላይ ዲዛይን ላወጣ ነው፦ ኳርትዝ (አሸዋ ያለው ሸካራ ቀለም) ይሻላል ወይስ ተራ ቀለም ብቻ?

የሰሚቷ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቴሌቪዥኑ ያለበትን ግድግዳ ብቻ ለየት ላደርገው አስቤያለሁ። ስቱኮው (ከቀለም በፊት የሚሳበው ማለስለሻ) በችኮላ የተሠራ ስለሆነ ቀን ቀን ምንም አይልም፣ ማታ መብራት ሲበራ ግን የስፓቱላው መስመር ሁሉ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ያነጋገርኩት ቀቢ ኳርትዝ ካልሆነ አይደበቅም ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ኳርትዝ የማውቀው አጥርና የሕንጻ ውጪ ላይ ነው። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግድግዳ እየታከከች ነው የምትሮጠው፣ ክንዷን ይልጥብኛል ብዬ ፈራሁ። በተራ ቀለም፣ በራሴ እጅ የሚሆን ነገር የለም? የሞከረ ካለ ከነጉዱ ይንገረኝ።

ቀቢ ነኝ፦
እህቴ፣ ሰውዬው ግማሹን ልክ ነው። ኳርትዝ አሸዋ ስላለው ጉድለት ይደብቃል። ግን ቡና በሚቆላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ሳሎን ውስጥ ጥቀርሻና አቧራው ሸካራው መሃል ይገባና በጨርቅ ብትወለውዪው ጨርቁ ይበላል እንጂ አይለቅም። ደግሞ ነገ ቢሰለችሽ ወይ መፋቅ ነው ወይ ላዩ ላይ እንደ አዲስ ስቱኮ መሳብ። የቀለም ዲዛይን ግን ሁለት እጅ ቀለም ያጠፋዋል።

በፌስታል ሥሪው። አልቀልድም። መጀመሪያ መስመሮቹን በብርጭቆ ወረቀት አሺ፣ አቧራውን ጥረጊ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው)፣ ከዛ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም ሁለት እጅ። ታችኛው ትንሽ አብረቅራቂ ቢሆን ይሻላል፣ ማት (የማያብረቀርቅ) ከሆነ ላይኛውን ቶሎ ይመጠውና እጅሽ ላይ ይደርቃል። አሳድሪው። በማግስቱ ከክሬሙ ትንሽ ጠቆር ያለውን በትንሽ ውኃ አቅጥኚ። አንድ ሰው በሮለር ሜትር በማይሞላ ስፋት ከላይ እስከ ታች ይቀባል፣ ሌላው ሳይደርቅ የተጨማደደ ፌስታል እየለጠፈ ያነሳል። ሲነሳ እንደ እብነ በረድ ሥር ሥር ያለው ነገር ይቀራል። ሁለቱ ቀለሞች አይራራቁ፣ ነጭ ላይ ቡኒ ካደረግሽ የሆቴል ኮሪደር ነው የሚመስለው።

ተቃጥዬ የተማርኩ፦
ከላይ ያለውን አምና ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል፣ እኔ ያደረኩትን ብቻ አታድርጊ። ግማሽ ላይ ስደርስ ቡና ደረሰ ተባልኩ፣ አንደኛውን ጠጥቼ ልመለስ ብዬ ወረድኩ፣ ቶና ሳልል መቼ እለቀቃለሁ። ስመለስ ጠርዙ ደርቋል። ያን ላይ ደርቤ ስቀጥል መሃል ለመሃል ጥቁር መስመር ተጋደመ፣ አሁን ቁም ሳጥን ከልሎታል። ግድግዳ ከጀመርሽ እስከ ጥጉ ሳትጨርሺ አትቁሚ። ፌስታሉንም እጅሽ ላይ እያዟዟርሽ እንጂ በአንድ በኩል ብቻ ከለጠፍሽው የዶሮ ኮቴ የሄደበት ይመስላል።

ከባሕር ዳር፦
አንድ ሰው እርጥበት አለ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ሁሉም ስለ ዲዛይን! ያ ግድግዳ ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ከሆነ፣ ቢጫ ከሆነ ወይም ቀለሙ ካበጠ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን አሳዪ። ካልሆነ የለፋሽበት ዲዛይን እንዳለ ይላጣል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ከስር ያረጀ የዘይት ቀለም ካለ እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አታሺው፣ እያረጠብሽ፣ ልጅቷም ቤት ሳትኖር።

የሰሚቷ፦
ኖሩልኝ። ከጀርባው የጎረቤት ሳሎን ነው፣ እርጥበት የለውም። ትናንት ማታ ካርቶን ላይ ሞከርኩት፣ አንዱን በፌስታል፣ አንዱን በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። የስፖንጁ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ፣ ያስጠላል። የፌስታሉ ግን ባለቤቴ ሳይቀር ጠጋ ብሎ በጣቱ ዳበሰው፣ ለስላሳ መሆኑን አላመነም። ቅዳሜ እሱ ሮለር፣ እኔ ፌስታል።

ቀቢ ነኝ፦
የስፖንጁን ጥግ ጥጉን በእጅ ቦጫጭቀሽው ቢሆን አራት ማዕዘኑ ይጠፋ ነበር፣ ለሌላ ጊዜ። ጠቆር ያለውን ቀለም ስታቀጥኚ ለግድግዳው በሙሉ የሚበቃውን በአንድ ባልዲ አዘጋጂው፤ መሃል ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም መልሰሽ አታገኚውም። ቡናውን ደግሞ ከሥራው በፊት አፍሉት።