ኦቢ (የጃፓን ባህላዊ ልብስ የኪሞኖ መቀነት) ማሰር ለምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱን

ባለቤቴ ጃፓናዊት ናት፣ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጃችን 20 ዓመት ሞላት። ጃፓን ውስጥ አዋቂነት የሚከበረው በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሕጉ 18 ቢልም አብዛኛው ከተማ ዛሬም በ20 ነው የሚያከብረው። መሄድ ስላልቻልን እዚሁ ቤት እናደርገዋለን።

አማቴ በወጣትነታቸው የለበሱትን ፉሪሶዴ፣ እጀ ረጅሙን የሐር ኪሞኖ፣ ልከውልናል። የከበደን መቀነቱ፣ ኦቢው ነው። ባለቤቴን ያኔ በራሷ በዓል ያለበሷት ባለሙያ ናቸው፣ እሷ ማሰሩን አታውቅበትም። ሦስት ቅዳሜ ቪዲዮ እያየን ሞከርን፤ ልጅቷ ሁለት ሰዓት ቆማ ትጠብቃለች፣ ትንሽ ስትራመድ ቋጠሮው ከጀርባዋ ይንሸራተታል። አንዴ እኔ ብቻዬን ሳለብሳት የቀኙን ጎን ከላይ አደረግኩት፤ ለካ እንዲያ የሚለበሰው ለሬሳ ነው፣ እናቷ በጣም ደነገጠች።

የአያቷ ልብስ ስለሆነ መስፋትም መቁረጥም አንፈልግም። ያለ ባለሙያ ልጆቻችሁን ያለበሳችሁ፣ ኦቢው ቀኑን ሙሉ እንዳይላላ በምን ያዛችሁት?