«ማጋዝ» እና «ግዞት»፦ ፍርደኛን በመርከብ መላክ በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦
ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ስለ አውስትራሊያ አመሠራረት አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ወደ 70 ዓመት የሚጠጋቸው ኤልሳቤት ቤክፎርድ የሚባሉ እንግሊዛዊት አሉበት፤ አምስት ኪሎ ተኩል የማይሞላ አይብ ሰርቀው 7 ዓመት ተፈረደባቸው። ቅጣቱን እንግሊዞቹ «ትራንስፖርቴሽን» ይሉታል። «እንዲጓጓዙ ተፈረደባቸው» ብዬ ጽፌ ሳነበው ጆሮዬ አልቀበል አለኝ። ስደት ልበለው? እስር? እባካችሁ አግዙኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ጆሮሽ ልክ ነው። የሚጓጓዘው ሲሚንቶ ነው፣ ስኳር ነው፣ ቲኬት ቆርጦ የተሳፈረ መንገደኛ ነው። የምትፈልጊው ቃል «ማጋዝ» ነው። ቅጣቱ «ግዞት»፣ የተቀጣው ሰው «ግዞተኛ»። (አንቺ «አግዙኝ» ያልሽው ማገዝ ነው፣ መርዳት። ማገዝና ማጋዝ በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፣ ትርጉማቸው ግን አይገናኝም።)

ገጠር ያደገ ሰው ማጋዝን በእጁ ያውቀዋል። አጨዳ ካለቀ በኋላ ነዶው ከማሳ ወደ አውድማ ይጋዛል። ልጅ ሆኜ አህያ ነጂው እኔ ነበርኩ። ይጫናል፣ ይራገፋል፣ እንደገና ይጫናል፣ ጀምበር እስክትጠልቅ። ነዶ ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም። ቃሉ ለሰው ሲሆን የሚከብደውም ለዚህ ነው። «ተጋዙ» ማለት ሄዱ ማለት አይደለም፣ ተሰደዱም አይደለም። ስደተኛ የቱንም ያህል ቢጨንቀው በራሱ እግር ነው የሚወጣው። ግዞተኛን ግን የሚጭነውም፣ የሚራገፍበትን ቦታ የሚመርጠውም ሌላ ነው።

ታሪኩም ከቃሉ ጋር ልክ ይገጥማል። እንግሊዝ በ1718 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ፍርደኞቿን ወደ አሜሪካ ታግዝ ነበር። አሜሪካኖቹ በጦርነት ነፃ ሲወጡ ይህ በር ተዘጋ። ወህኒ ቤቱ ሞላ፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆሙ አሮጌ መርከቦች ሳይቀሩ እስር ቤት ሆኑ። ከዚያ ነው አውስትራሊያ የታሰበችው። በግንቦት 1787 አሥራ አንድ መርከቦች ከፖርትስመዝ ተነሡ፣ በጥር 1788 ደረሱ። እስከ 1868 ድረስ 162,000 ያህል ሰው ተግዟል።

በ1790 የደረሰው ሁለተኛው ጉዞ ግን ሁሌም ከአእምሮዬ አይወጣም። ሥራውን በኮንትራት የወሰደው ድርጅት በባሪያ ንግድ የኖረ ነበር፣ የሚከፈለውም በተጫነው ሰው ቁጥር ነው፤ በሕይወት በደረሰው አይደለም። ወደ 1,000 ከሚጠጉት ፍርደኞች ሩብ ያህሉ ባሕር ላይ ሞቱ። የተረፉት ሲድኒ ሲደርሱ ብዙዎቹ መቆም አቅቷቸው ነበር። ኋላ ላይ ክፍያው በጤና ከሚራገፈው ሰው ጋር ሲያያዝ ሞቱ ቀነሰ። ሰውን እንደ ነዶ ሲቆጥሩት የሚሆነው ይኸው ነው፣ ለዚህ ነው «ተጓጓዙ» አይበቃም የምለው።

«እስር»ም አይበቃሽም። ፈረንሳዮች በ1854 ባወጡት ሕግ ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ቅኝ ግዛታቸው ወደ ጉያና የተጋዘ ሰው ፍርዱ ከ8 ዓመት በታች ከሆነ፣ ከተፈታ በኋላ ያንኑ ያህል ዓመት እዚያው መኖር ነበረበት። 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ዕድሜ ልኩን። ሰንሰለቱ ወልቆለት፣ የእስር ቤቱ በር ተከፍቶለት፣ አገሩ ግን አይገባም። እስሩ አልቋል፣ ግዞቱ አላለቀም።

ሌላ አስተያየት፦
ጥሩ ብለሃል ወንድሜ። ግን ግዞት ከግዝት የመጣ አይደለም እንዴ? ቄስ ሲገዝት እኮ ሰውየውን ከማኅበር ያርቀዋል።

መልስ፦
ይመሳሰላሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ግዝት «ገዘተ» ካለው ነው፤ ት ከግሡ ጋር ናት። የግዞት ግሥ «አጋዘ» ነው፣ ት መጨረሻ ላይ የተጨመረች ናት። ግዝት በቃል ያስራል፣ የተገዘተው ሰው ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል። ግዞት ግን ቦታ ይፈልጋል፣ ያውም ሩቅ። ተራራ ወይ ደሴት። ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት፣ ልጅ ኢያሱ በጋራ ሙለታ።

ሌላ አስተያየት፦
ደሴት ካነሣችሁ አይቀር እኛንም ጨምሩን። አያቴ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ የሆነውን ሲያወሩ «ወደ ጣሊያን አገር የተጋዙት» ነበር የሚሉት። «የታሰሩት» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

መልስ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን አለማንሣቴ ጥፋት ነበር። መኳንንቱና ቤተሰቦቻቸው ከሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አዚናራ ደሴት ተጋዙ፣ ሌሎች ሶማሊያ ዳናኔ፣ ሌሎች ቀይ ባሕር ላይ ኖኩራ። ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ነበሩ። ጣሊያኖች የደሴቱን ግዞት «ኮንፊኖ» ይሉታል፣ ከድንበር ወይም ከወሰን የመጣ ቃል ነው። የእነሱ ቃል የሚያየው ሰውየው የማያልፈውን ወሰን ነው፣ የእኛ መጫኑን። ሙሶሊኒም ከሥልጣን ሲወርድ በ1943 እ.ኤ.አ. ለጥቂት ቀን የተያዘው እዚያው ፖንዛ ነው። አያትህ ቃሉን በቦታው ነው ያስቀመጡት።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አስተካከልኩት፦ «አይብ በመስረቃቸው 7 ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። በ1787 በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ፤ ሳይደርሱ ባሕር ላይ ሞቱ።»